ከቅርፊቱ ሥር፦ ከዳንግላ አጸዶች እስከ ጃዊ ቆላ

ዳንግላ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀትና ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ የአዊ ከተማ ስትሆን፣ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ፣ የዚህም ዝናብ አብላጫው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚወርድባት ወይና ደጋ ናት። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ መሬቱ ወደ አዲስ ቅዳምና ወደ እንጅባራ ደጋ ይወጣል፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ጃዊን ይዞ ወደ በለስ ቆላ ይወርዳል። ይህን መውጣትና መውረድ የሚከተል መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በዛፎቹ ቁመት፣ በቅጠላቸው ልምላሜና በጥላቸው ስፋት ላይ ነው፤ ከቅርፊታቸው ሥር የሚኖሩትን ጥንዚዛዎች ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ፍጥረታት የት እንደሚኖሩና ለምን እዚያ እንደሚኖሩ መጠየቅ የአካባቢውን ዛፎች ታሪክ፣ ከዚያም አልፎ ሰዉ ከዛፎቹ ጋር የኖረውን ኑሮ መጠየቅ ነው፤ ምክንያቱም ከቅርፊት ሥር ለሚኖር ጥንዚዛ መኖሪያ የሚባለው ዛፉ የበቀለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ዛፉ የደረሰበት ሁኔታ ጭምር ነው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ቅርፊት ራሱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከውጭ የሚታየው ሻካራ ክፍል የሞተ ሽፋን ሲሆን ዛፉን ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከከብት ጥርስ ይጋርደዋል። ከእርሱ ሥር ያለው የውስጥ ቅርፊት ግን ሕያው ነው፤ ቅጠሎች በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጁትን ስኳር ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ የሚያወርደው ይህ ቀጭን ንጣፍ ነው። በውስጥ ቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ደግሞ ካምቢየም የሚባል፣ ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ቅርፊት እየፈጠረ ዛፉን የሚያወፍር እጅግ ስስ ንጣፍ አለ። እንጨት ለመፈጨት አስቸጋሪ በሆነ ቃጫ የተሞላና በምግብ ይዘቱ የደኸየ ሲሆን፣ የውስጥ ቅርፊትና ካምቢየም ግን ስኳርና ፕሮቲን ያላቸው፣ እርጥበት የማይለያቸው፣ ከላይም ከወፍ ዓይን የተጋረዱ ናቸው። ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ብቻ ከ350,000 በላይ ከሚሆኑት ጥንዚዛዎች መካከል ብዙዎቹ ወገኖች ዕድሜያቸውን ሙሉ ወይም ከፊሉን በዚህ ጠባብ ስፍራ ማሳለፍን የመረጡት ስለዚህ ነው።

የእነዚህ ነዋሪዎች ወገን አንድ አይደለም። በሳይንስ ስም ስኮሊቲኔ የሚባሉት የቅርፊት ጥንዚዛዎች ከነቀዝ ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው፣ አብዛኞቹም ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ናቸው፤ በዓለም ላይ ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሴራምቢሲዴ የተባሉት ቀንደ ረጅም ጥንዚዛዎች ግን በመጠናቸው የሚልቁ ሲሆኑ፣ ስያሜያቸውን ያገኙት ብዙ ጊዜ ከሰውነታቸው ርዝመት ከሚበልጠው መዳሰሻቸው ነው። ቡፕሬስቲዴ የሚባሉት ደግሞ ክንፋቸው እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ፣ እጮቻቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ወገኖች ናቸው። ጥንዚዛውን ራሱን ያላገኘ ሰው እንኳ በግንዱ ላይ ከተተወው ቀዳዳ ወገኑን መገመት ይችላል፤ የቅርፊት ጥንዚዛ የሚወጣበት ቀዳዳ ትንሽና ክብ፣ የቀንደ ረጅሙ ሰፋ ያለና ሞላላ፣ የቡፕሬስቲዴው ደግሞ በአንድ ወገኑ ቀጥ ብሎ በሌላው የጎበጠ ነው።

ከወደቀ ግንድ ላይ የላላ ቅርፊት በጥንቃቄ ሲነሣ የሚታየው ነገር በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። በእንጨቱ ገጽ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ቦይ ይገኛል፤ ይህ የቅርፊት ጥንዚዛዋ እናት ቅርፊቱን በስታ ከገባች በኋላ የቆፈረችው መተላለፊያ ሲሆን፣ እንቁላሎቿን በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ አንድ በአንድ አሰልፋ ታስቀምጣለች። ከእያንዳንዱ እንቁላል የሚፈለፈለው እግር የለሽ ነጭ እጭ ከእናቱ ቦይ እየራቀ የራሱን መንገድ ይበላል። መንገዱ መነሻው ላይ የክር ያህል ይቀጥናል፤ እጩ እየወፈረ ሲሄድ እየሰፋ ይመጣና መጨረሻው ላይ ጥቂት ሰፋ ባለች ክፍል ይዘጋል። እጩ አካሉን ለውጦ ሙሉ ጥንዚዛ የሚሆነው በዚህች ክፍል ውስጥ ነው። ከቦዩ ውስጥ የሚራገፈው ብናኝም የራሱ ምስክርነት አለው፤ ከውስጥ ቅርፊት የወጣው ቡናማ፣ ከእንጨት የወጣው ግን ነጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ እጩ በቅርፊቱ ብቻ እንደተወሰነ ወይም ወደ እንጨቱ እንደዘለቀ በቀለሙ ይታወቃል። ጥንዚዛዎቹ በርረው ከሄዱ፣ ቅርፊቱም ከረገፈ ከዓመታት በኋላ እንኳ ይህ ጽሑፍ መሰል አሻራ በእንጨቱ ላይ አይጠፋም።

የአካባቢው ሰው ይህን ሁሉ ነቀዝ በሚል አንድ ስም ያጠቃልለዋል፤ እንጨቱ ነቅዟል ሲባል ውስጡ ተበልቶ አቅም አጥቷል ማለት ነው። ዕውቀቱ ግን ከስሙ ይልቅ በሥራው ላይ ጎልቶ ይታያል። ለቤት የሚቆረጥ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቅርፊቱ ተልጦ እንዲደርቅ ሲደረግ፣ ከቅርፊቱ ጋር የነፍሳቱ ምግብና መጠለያ አብሮ ይወገዳል፤ ሽማግሌዎችም ለምሰሶ የሐበሻ ጽድን የሚመርጡት የሽታውና የሙጫው ባሕርይ ነፍሳትን ስለሚያርቅ ነው።

በዳንግላ ዙሪያ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ የሚገኝባቸው ዋና ስፍራዎች የቤተ ክርስቲያን አጸዶች ናቸው። ከሜዳውና ከእርሻው መካከል ክብ ሆነው የሚታዩት እነዚህ ጥቋቁር ደኖች ዝግባና ጽድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት፣ ሰሳና ብሳና፣ ዋንዛና ዶቅማ፣ እንደየቦታውም ሾላና ዋርካ ይዘው ቆይተዋል። ይህ የአጸዶቹ ዛፍ ጠባቂነት ዛሬ በሳይንስ ጽሑፎችም የታወቀ ሆኗል፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጽሑፍ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል። በእነዚህ አጸዶች ላይ የሚጻፈው ሁሉ ግን በአመዛኙ ስለ ቆመው ዛፍ ነው፤ ስለ ሞተው ዛፍ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ለጥንዚዛው ግን ትልቁ ጉዳይ የሞተው ነው።

ከአጸዱ ቅጥር ውጭ የደረቀ ቅርንጫፍ ብዙ አይቆይም። ማገዶ ፍለጋ የምትወጣ ሴት፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ አጥር የሚያጥር ገበሬ ጭራሮውንም ግንዱንም ያነሡታል፤ በዚህም ሊወቀሱ አይገባም፣ ምክንያቱም ሌሊቱን የሚያሞቀውና እንጀራውን የሚያስጋግረው ሌላ ነገር የላቸውም። ነገር ግን ከቅርፊት ሥር የሚኖረው ማኅበር ጊዜ ይፈልጋል። ዛፉ እንደሞተ ቀድመው የሚደርሱት የውስጥ ቅርፊቱን ገና ሳይደርቅ የሚበሉት ናቸው። እነርሱ በቆፈሩት ቦይ ፈንገስና እርጥበት ይገባል፤ ቅርፊቱ ከእንጨቱ እየተላቀቀ ሲመጣም ሰውነታቸው እንደ ወረቀት የሳሳ አዳኝ ጥንዚዛዎች በስንጥቁ እየገቡ የቀደሙትን እጮች ይበላሉ፤ ከእነርሱም በኋላ ፈንገሱን የሚመገቡት ይከተላሉ። ይህ ተራ ተጠብቆ እስኪፈጸም ግንዱ በቦታው ለዓመታት መጋደም አለበት፤ ሳይነካ ለዓመታት የሚጋደምበት ስፍራ ደግሞ በዚህ አገር ከአጸድ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ቄሰ ገበዙ ያለ ፈቃድ ዛፍ እንዳይቆረጥ ሲከለክል ወይራውን ብቻ ሳይሆን ወይራው ከወደቀ በኋላ የሚመጣውን ሕይወትም ይጠብቃል። ከአጸዱ የሚወድቀው እንጨት ለንግሥ ድግስ ማገዶ ተብሎ በሙሉ ሲጸዳ ግን ቅጥሩ ቆሞም ከውስጡ አንድ ዓለም ይጎድላል፤ ደን ይጠበቅ የሚሉ ሁሉ ይህን ጉዳይ እስካሁን ከሰጡት በላቀ ቁም ነገር ሊይዙት ይገባል።

ዳንግላ ለተፈጥሮ ጥናት እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ከመንግሥታዊ ሥራው ጎን ለጎን የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ እየተዘዋወረ ያጠና፣ ወፎችንም እየሰበሰበ ለለንደን ሙዚየም የላከ ሰው ሲሆን፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927፣ ሂው ስኮት የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በጀምጀም ደንና በሌሎችም ከፍተኛ ቦታዎች ጥንዚዛዎችን ሰብስቧል። አንዱ ወፍ በበዛበት ወይና ደጋ ተቀምጦ ወፍ ሲሰበስብ፣ ሌላው በሸዋና በአርሲ ደጋዎች ጥንዚዛ ሲሰበስብ፣ ሁለቱ ሥራዎች ሳይገናኙ አለፉ፤ የአዊ አጸዶች ስኮትን የመሰለ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፣ ዛሬም ያስፈልጋቸዋል።

ከዳንግላ ወደ አዲስ ቅዳም የሚወጣ ሰው ከአጸዱ ፍጹም የተለየ የዛፍ ዓለም ያገኛል። አዲስ ቅዳም ያለችበት ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ በሚለው፣ ከአውስትራሊያ በመጣው የአካሺያ ዝርያ የተሸፈነ ነው። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያለማዋል፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱንም መልሶ ለእህል ያውለዋል። ዛፉ አፈሩን በናይትሮጅን ያበለጽጋል፣ ለብዙ ቤተሰብም የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። እንዲህ ያለ ደን ግን አያረጅም፤ ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ፣ ቅርንጫፉ በራሱ ሳይደርቅ ወደ ከሰል ጉድጓድ ይገባል፤ ስለዚህ ደን በበዛበት ወረዳ የሞተ እንጨት ጥንዚዛ መኖሪያ የማያገኝበት ሁኔታ ይፈጠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኡሮሚክላዲየም አካሺየ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው፣ የስንዴ ዋግን የሚመስል በሽታ ዛፉን መትቶ የብዙ ገበሬዎችን ተስፋ አጨልሟል። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ በአንድ ዕድሜ፣ በሰፊ መሬት ላይ ተጠጋግቶ ሲቆም ተባይም ሆነ በሽታ መንገድ እንደማያጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በመካከለኛው አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2018 ድርቅ በኋላ ኢፕስ ታይፖግራፈስ የተባለው የቅርፊት ጥንዚዛ በጀርመንና በቼክ ሪፐብሊክ የስፕሩስ ተክሎች ላይ ያደረሰው ጥፋት የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጥንዚዛው የአገሩ ነባር ነው፣ ዘመናትም ከዛፉ ጋር ኖሯል፤ ሙጫ ማመንጨት ያቃተው የተጠማ ዛፍ በሚሊዮን ሲቀርብለት ግን ቁጥሩ ከልክ አለፈ።

ከዳንግላ ወደ ጃዊ የሚወስደው መንገድ በተቃራኒው ቁልቁል ነው። ብሳናውና ዋንዛው እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ አየሩ እየከበደ ይሄድና ወንዞቹ ሁሉ ወደ በለስ በሚያዘነብሉበት ቆላ ላይ በጋ ሲሆን ቅጠሉን የሚያራግፍ ደን ይተካል። የጃዊ ወረዳ ሰፊ መሬት በቅርብ ዘመን ለሸንኮራ አገዳ ልማት ቢውልም፣ ድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ የዕጣን ዛፍ አሁንም ይታያል። ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው ይህ ዛፍ እስከ 12 ሜትር የሚያድግ፣ ከኤርትራና ከትግራይ አንሥቶ በመተማና በቋራ አልፎ ወደ ጃዊና ወደ መተከል የሚዘረጋ፣ ወደ ሱዳንም የሚሻገር የቆላ ዛፍ ነው። የውጭ ቅርፊቱ በስስ ልጣጭ እየተቀረፈ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው የውስጥ ቅርፊት ወፍራምና ቀላ ያለ ሲሆን በውስጡ የሙጫ መተላለፊያ ቧንቧዎች ይገኙበታል። ዕጣን ለቃሚው መንጋፍ በተባለው ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱን በትንሹ ሲልጠው እነዚህ ቧንቧዎች ይቆረጡና ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹ በቀናት ውስጥ ይደርቃል፣ ይለቀማል፣ ቁስሉም በበጋው ወራት ደጋግሞ ይታደሳል። በዳንግላ አጸዶች መካከል ባሉት አብያተ ክርስቲያናት በየቅዳሴው የሚታጠነው ዕጣን የዚህ ቆላ ስጦታ ነው።

ሙጫው ለዛፉ መድኃኒቱ ነው። ቅርፊቱን በስቶ ለመግባት የሚሞክር ተባይ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ይያዛል፣ ቁስሉም ይዘጋል። ይሁን እንጂ ኢዳክተስ ስፒኒፔኒስ የተባለ ቀንደ ረጅም ጥንዚዛ ይህን መከላከያ አልፎ በዕጣን ዛፍ ላይ ይኖራል፤ ጉዳቱም በመተማና በትግራይ አበርገሌ በተደረጉ ጥናቶች ተመዝግቧል። የወገኑ ጠባይ የታወቀ ነው፦ እናቲቱ ቅርፊቱን በአፏ ጎርዳ እንቁላሏን በስንጥቁ ትደብቃለች፤ እጩ ከቅርፊቱ ሥር እየበላ ይሄዳል፤ ዛፉን የዞረ ጉዳት ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደውን ስኳር ስለሚያቋርጥ ቅርንጫፉ፣ ብሎም ዛፉ ይደርቃል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው በፒተር ግሩነንዳይክና በባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም መካከል በአበጀ እሸቴና በፍራንስ ቦንገርስ የተካሄደው የመተማ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፣ የዛፉ ቁጥርም በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ከሞቱት ዛፎችም አብዛኞቹ የቀንደ ረጅሙ ጥንዚዛ ምልክት ነበረባቸው። ቦንገርስ በደቡብ ጎንደር አጸዶች ጥናት ላይም ከዓለማየሁ ዋሴ ጋር የሠራ ሰው መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ የደጋው አጸድና የቆላው ዕጣን በአንድ ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በለቃሚው መንጋፍ ላይ ብቻ ያሳብባል፤ ይህ ፍርድ ግን ተቻኩሏል። በእርግጥ ከልክ ያለፈ መላጥ ዛፉን እንደሚጎዳ ማስረጃ አለ፤ በኤርትራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ካልተላጡ ዛፎች የተገኘ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከተላጡት የተገኘው ግን ከ16 በመቶ በታች እንደበቀለ አሳይቷል። ነገር ግን የ2012ቱ ጥናት እንዳረጋገጠው መንጋፍ ያልነካቸው ደኖችም ከተነኩት ባላነሰ ፍጥነት እየመነመኑ ነው። በክረምት ችግኝ በብዛት ይበቅላል፤ ወደ ወጣት ዛፍነት የሚያልፈው ግን የለም፤ በጋ ሲመጣ ሣሩ ይቃጠላል፣ ከብትም ይጋጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 23 የዛፉን መገኛዎች ያካተተ ጥናት በአብዛኞቹ ዘንድ ወጣት ዛፍ ፈጽሞ እንደማይገኝ፣ መተካካቱም ለአሥርት ዓመታት እንደተቋረጠ ገልጿል። ስለዚህ ዛሬ በቆላው ላይ የቆመው የዕጣን ደን በአመዛኙ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ደን ነው፤ ያረጀ ዛፍ ደግሞ ለቀንደ ረጅም ጥንዚዛ የተመቸ ነው። ጥንዚዛው ዛፉን ይገድላል፤ ከተገደለው ሥር የሚተካ ልጅ እንዳይኖር ያደረገው ግን እሳቱና ከብቱ፣ ማለትም ሰው ነው። የጥንዚዛውን ስርጭት ከዚህ ነጥሎ ማጥናት ውጤቱን ከምክንያቱ መለየት ይሆናል።

የውስጥ ቅርፊት እርጥበት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለመረዳት ከአውስትራሊያ ወጥቶ በደቡብ አፍሪካ፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በካሊፎርኒያ የተዛመተውን ፎራካንታ የተባለ የባሕር ዛፍ ቀንደ ረጅም መመልከት ይጠቅማል። ውኃ በጠገበ ባሕር ዛፍ ላይ የተፈለፈለው እጭ በቅርፊቱ እርጥበትና በሙጫው ተውጦ ይሞታል፤ ድርቅ ባደከመው ዛፍ ላይ ግን ያለ ከልካይ ዙሪያውን በልቶ ዛፉን በጥቂት ወራት ያደርቀዋል። ጥንዚዛውም ዛፉም አንድ ናቸው፤ የተለየው የዛፉ ጥማት ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለደጋውና ለቆላው የሚሰጠው ምክር አንድ ሊሆን አይችልም። በዳንግላ አጸዶች የወደቀውና ቆሞ የደረቀው ግንድ፣ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ከመጠንቀቅ በቀር፣ በያለበት እንዲቆይ ቢደረግ የሚጎዳ ዛፍ የለም፤ በዚያ የሚኖሩት ጥንዚዛዎች በአብዛኛው ከሞተ እንጨት እንጂ ከሕያው ዛፍ ጋር ጉዳይ የላቸውም። በቆላው የዕጣን ደን ግን በጥንዚዛ የተያዘ ዛፍ ከነቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ በውስጡ ያሉት ጥንዚዛዎች ከመውጣታቸው በፊት መቃጠል ይኖርበታል፤ የተላጠውም ዛፍ የሚያርፍባቸው ዓመታት ሊሰጡት ይገባል። ይህም ቢሆን ችግኙ ካልተከለለ ፋይዳው አጭር ነው፤ የዕጣን ዛፍ ችግኝ ከእሳትና ከከብት አፍ የሚያመልጥበት ቁመት ላይ እስኪደርስ ብዙ ክረምት የሚፈጅ በመሆኑ፣ በጃዊም ሆነ በመተማ የሚከለለው መሬት ለአንድና ለሁለት በጋ ሳይሆን ለረጅም ዓመታት ተከልሎ መቆየት አለበት፤ የከለላውንም ጥበቃ ከብቱን የሚያሰማራውና ዕጣኑን የሚለቅመው ነዋሪ ራሱ፣ ከምርቱ ድርሻ እያገኘ ሊይዘው ይገባል።